የሐጅ ደሱቂ ኮከብ አልቆም ያለ ዕለት

ይሄን ነገር መጀመሪያ የነገረኝ ሻይ አዟሪው ሻዝሊ ነው። ሻዝሊ ሻዩ ላይ ውሃ ያበዛል፣ ወሬው ላይም እንደዚያው፤ ስለዚህ ግማሹን ብቻ አምኜ ተነሳሁ። የቀረውን በዓይኔ አየሁ። እኔ በይዩሚ ሳላይ አላወራም። ማንበብ አልችልም፣ አላፍርበትምም፤ ሰርግ ሆነ ሐዘን የኔ ስፌት ድንኳን ያልተዘረጋበት ሰፈር ካይሮ ውስጥ ካለ አሳዩኝ። አንዴ የሰፋሁትን ድንኳን ነፋስ ነቅሎ ከአባይ ማዶ ጥሎት ሲገኝ አንድ ክር አልተበጠሰም። እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ሻዝሊ ትሪውን እንደያዘ መጥቶ፣ የድንኳን ሱቁ ባለቤት ሐጅ ደሱቂ ራዊያን መንገድ ላይ ወጥቶ ሌባ አላት አለኝ። ራዊያ የዑስታ መርዙቅ፣ የነባሩ ሰፊ፣ ልጅ ናት። መርዙቅ ዕድሜውን በሙሉ የሐጅን ድንኳን ሲሰፋ ኖሮ፣ ዓይኑ ሲደክም መርፌውን አስቀመጠ። አሁን ከሱቁ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ቆቡን ደፍቶ ተቀምጦ ይውላል፣ ልጁ ደግሞ ፎቅ ላይ በኮምፒውተር ንድፍ ትሠራለች። እኛ ድሮ ወረቀት አራት አጥፈን፣ የድንኳኑን ጌጥ ኮከብ ሥለን፣ መስመሩን በመርፌ ወግተን፣ ጨርቁ ላይ ዘርግተን የከሰል ዱቄት እናራግፍበት ነበር። አሁን እሷ አንድ ኮከብ ትሥላለች፣ ቀሪውን ማሽኑ ያባዛዋል። መውጋቱ ግን ዛሬም የኛው ነው።

በኛ በድንኳን ሰፊዎች መንገድ የቆየ ሕግ አለ። የአንድ ኮከብ ሁለት ወረቀት ሱቅ ውስጥ አያድርም። አዲሱ ሲወጋ አሮጌው በባለቤቱ ፊት ይቃጠላል፣ ምክንያቱም የተሰረቀ ወረቀት የተሰረቀ እንጀራ ነው። ሐጅ ደሱቂ ደግሞ ከሁላችንም ይብሳል። ማታ ሲዘጋ መርፌ ይቆጥራል። ሚስቱ ሾርባ ስትሰጠው መጀመሪያ ለድመቷ ያቀምሳል ይባላል፤ ይቺን እንኳ ሻዝሊ ሳይጨምራት አልቀረም። የአያቱ ኮከብ አለችው፣ ሌላ ሱቅ የማይችላት። እና ሕጉን ይዞት ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። ለራዊያ፣ ኮከቧ ካለችበት ገጽ ሌላ እንዳትከፍቺ ብሎ አስጠነቀቃት። ገጾቹ ስክሪኑ ዳር ተደርድረው ይታያሉ፤ ሌላ ምንም ባይገባውም በየጠዋቱ መጥቶ አንድ ብቻ መሆኑን ያያል።

ያን ቀን ለአንድ ሆቴል የረመዳን ድንኳን ጣሪያ ታዘዘ። ገጹ ላይ ከትናንት የተደረደረ የኮከብ ረድፍ አለ፤ ራዊያ ለኮምፒውተሩ የሚሰጥ የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ስክሪፕት የሚሉትን፣ አዘጋጀች። ገጹ ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ኮከብ ያዝ፣ አጠገቧ እህቷን አስቀምጥ፣ ኮከብ ሲያልቅብህ ቁም የሚል ነው። ነካችው። ኮከቦቹ ገጹን ሞሉ፣ ጠርዙን አለፉ፣ አሁንም ይወጣሉ። የማሽኑ ማራገቢያ ጮኸ፣ ማውሱ አልንቀሳቀስ አለ። የማቆሚያውን ቁልፍ ብትጫን አልሰማ አለ። ማሽን እንዲህ ሲያብድ ፕሮግራሙን በግድ መግደል ነው፤ ገደለችው።

ሐጅ ደሱቂ በዚያች ሰዓት ደረጃውን ጨርሶ ብቅ አለ። ያየው ምንድነው? የአያቱ ኮከብ ስክሪኑን ሞልታ፣ ልጅቷ አንዴ ስትነካ እልም ስትል። በዚያ ላይ ጠዋት የፈርጋሊ የወንድም ልጅ ወደ ላይ ወጥቶ መቀስ ተውሷል። ፈርጋሊ ከሐጅ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ባላንጣው ነው። እኔም መቀሷን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ፤ የፈርጋሊ ቤት እኮ ከሰው መቀስ ይበዛል።

ራዊያ ኮከቧ ትናንት ማሽኑ ውስጥ ተቀምጣለች፣ የጠፋው የዛሬው ሥራ ነው ብላ ከፍታ አሳየችው። ታዲያ እኔ ስመጣ ለምን ደበቅሽው አላት። ላሳይዎት ብላ ትእዛዙን ደግማ ብታስነሳ፣ ማሽኑ ደግሞ አበደ፣ እሷም ደግማ ገደለችው። ከዚያ በኋላ ማን ይስማት? ኮከቤን ለፈርጋሊ ሸጣ ዱካዋን ታጠፋለች ብሎ መንገድ ላይ ጮኸ። በኛ መንገድ ንድፍ ሸጠች የተባለች ሴት ማንም ቤት አያስገባትም። አባቷም ከዚያ አግዳሚ ይነሳ ነበር።

እንደ ወጉ ሽማግሌ ተጠራ። ሽማግሌ ሲባል ያው እኔ ነኝ። ፈርጋሊም መጥቶ ኮከቧን አላየሁም ብሎ ማለ። መሐላውን አልናቅኩም፣ ግን እጁንም ሳላይ አልተውኩም። መርዙቅ ጉልበቱ ደረጃ አይወጣምና ታች ቀረ፤ እኛ ወጣን።

"በይ አሳዪን" አልኳት። "ቀስ እያልሽ ታዲያ።"

"ቀስ ማለቱ ነው መድኃኒቱ፣ ዓም በይዩሚ" አለችኝ፤ አጎት ማለቷ ነው።

ስክሪፕቱ ውስጥ አንድ ትእዛዝ ጨመረች። አንድ ኮከብ ባስቀመጥክ ቁጥር ቁም፣ ስንት እንደቀረህ ጻፍ፣ እኔ ካልነካሁህ አትቀጥል የሚል ነው። ነካችው። አንዲት ኮከብ ወጣች፣ ጥጉ ላይ ቁጥር ተጻፈ። ደግማ ነካችው። ሌላ ኮከብ ወጣች። ቁጥሩን ማንበብ ባልችልም መልኩን አውቀዋለሁ፣ ዓይኔ የስፌት ዓይን ነው፤ ያው መልክ ነው። እሷ ትነካለች፣ ኮከብ ይወጣል፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

ሐጅ አንገቱን አስግጎ፣ "ምን እያደረገችብኝ ነው?" አለኝ።

ራዊያ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

"አንዷን ሲጨርስ አንዷ ትወለዳለች። አዲሷን የሚያስቀምጠው እዚያው በሚቆጥርበት ገጽ ላይ ነው፣ ስለዚህ እሷንም ተራ ያስይዛታል። በዚህ አያያዝ እስከ ትንሣኤ ቀን አያልቅለትም።"

እኔ ወዲያው ገባኝ። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ የበላው ሁሉ እየወጣ ወንድሙን ይልክ ነበር፤ ሙሽራው ራሱ ጾሙን አደረ።

ሐጅ ግን አልለቀቃትም። "እዚያው ገጽ ላይ አድርጊ ያለሽ ማነው ታዲያ?"

"ሁለተኛ ገጽ እንዳልከፍት የከለከሉኝ ማን ናቸው፣ ሐጅ?"

ፈርጋሊ ሳቁን በሳል ሸፈነ። "ሰው እንዳይገባ ስትቆልፍ፣ አንተው ውስጥ ቀረህ እኮ" አለው።

"አንተ ዝም በል። የመቀሱ ነገርስ?"

"መቀሱን ገና አልመለስነውም። እሱን ሰርቀናል፣ አልክድም።"

ሐጅ የሱቁን ቁልፎች ከኪሱ አውጥቶ ሲያንቃጭል ቆየ። መጨረሻ ላይ፣ ሁለተኛውን ገጽ እኔ እያየሁሽ ክፈቺ አላት። ከፈተች። ኮከቦቹን ከመጀመሪያው ገጽ ቁጠር፣ እህቶቻቸውን ሁለተኛው ላይ አስቀምጥ ብላ አዘዘችው። አሁን በነካች ቁጥር የቁጥሩ መልክ ይለዋወጥ ጀመር። ያን የመቆሚያ ትእዛዝ አንስታ ብትለቀው ተንደርድሮ ረድፉን ሞላና በራሱ ቆመ። ማራገቢያው እንኳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሐጅ ሁለቱን ገጾች በጣቱ እየነካ ሦስተኛ ሲፈልግ አየሁት።

ወረድን። ካሣ መቁረጥ የኔ ነውና ሐጅ በግ ይረድ አልኩ። ጉበት እወዳለሁ፣ አልዋሽም። ራዊያ ግን በግ አልፈልግም አለች።

"ሌባ ሲሉኝ የሰማው መንገዱ ነው። መንገዱ እያየ የአባቴን ራስ ይሳሙ።"

ሐጅ ግራ ቀኙን አየ። ሻዝሊ ትሪውን ይዞ ቆሟል፣ የፈርጋሊ ሰዎች ደጃፋቸው ላይ ወጥተዋል። ሐጅ በሕይወቱ ለሠራተኛ ጎንበስ ብሎ አያውቅም። ቁልፎቹን ኪሱ ከተተና ጎንበስ ብሎ የመርዙቅን ራስ ሳመ።

መርዙቅ በደከመ ዓይኑ ቀና ብሎ፣ "ማነው?" አለ።

"ደሱቂ ነኝ።"

"እንግዲያው ተከፍሏል" አለ መርዙቅ። እጁንም ወደ አናቱ ሰደደ። "ራዊያ፣ ቆቤ አልተሰረቀችም?"