ንግሥቶቹን የሸኘችው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ አርባ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ካርታ በእጇ ነክታ አታውቅም ነበር። እናቷ «ካርታ የሥራ ፈት መጽሐፍ ነው» እያሉ ስላሳደጓት ሰዎች ሲጫወቱ እንኳ ፊቷን አዙራ ነበር የምታልፈው። ዘንድሮ ግን አማቷ፣ የባሏ አባት፣ አስጀመሯት።

ሽማግሌው ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ሲኖሩ ባለፈው ክረምት ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ለማገገም ልጃቸው ቤት ሦስት ወር ከቆዩ በኋላ «ይበቃኛል፣ ቅዳሜ ወደ ቤቴ» አሉ። ወንድማቸው በመኪና ሊወስዳቸው ቀጠሮ ተያዘ። ልጃቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነውና ከመንገድ ላይ ደውሎ ለመነ፤ ምራታቸው እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነች። ወይ ፍንክች!

«አባባ፣ ሦስተኛ ጊዜ ቢወድቁ ማን ያነሣዎታል?»

«የሰው ቤት ሸክም ሆኖ ከመቀመጥ መውደቅ ይሻላል።» ቀጥለው ግን ከኪሳቸው ጠርዙ ያለቀ ካርታ አወጡ። «ይኸውልሽ፣ ከባለቤቴ ጋር ከሰዓት ከሰዓት እንጫወታት የነበረች ናት፣ የሁለት ሰው ጨዋታ። እስከ ዓርብ አንዴ ካሸነፍሽኝ እቀመጣለሁ። በይሉኝታ የምሸነፍልሽ እንዳይመስልሽ!»

ጨዋታው ሲነገር ቀላል ነው። ለየራስ ዐሥር ካርታ ይታደላል። በየተራ ከክምሩ ወይም ሌላው ከጣለው አንድ ያነሣሉ፣ አንድ ይጥላሉ። ሦስት ወይም አራት አንድ ዓይነት ቁጥር፣ አለዚያም የአንድ ዘር፣ ለምሳሌ የቀይ ልብ፣ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቁጥሮች ይሰበሰባሉ። ዐሥሩንም ቀድሞ ያዛመደ «ዘጋሁ!» ይላል።

እሷን የገደላት መጣሉ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቁራጭ ጨርቅና የተረፈ ቁልፍ «ምን ይታወቃል፣ ይጠቅም ይሆናል» እያለች ስታስቀምጥ የኖረች ሴት ካርታውንም እንደዚያው አደረገችው። በተለይ ንጉሥና ንግሥት እጇ ከገቡ አይወጡም።

«ልጄ፣ ይሄ የቁርጥራጭ ዘንቢል አይደለም!» ይላሉ ሽማግሌው ሲዘጉባት። «አንቺ እኮ ካርታ አትጫወቺም፣ ታሳድጊያለሽ!»

እስከ ሐሙስ ማታ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተሸነፈች። ከመተኛቷ በፊት ተንበርክካ «ጌታዬ፣ ስለ ካርታ ልለምንህ አፍራለሁ፤ ስለ እሳቸው ግን አላፍርም» አለች።

ዓርብ ከሰዓት የስፌት መኪናዋን ሸፍና ተቀመጠች። አንድ ነገር አስተውላለች። ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ ናቸው፤ ካርታውንም ከግራ ወደ ቀኝ በቁጥር ተራ ካልደረደሩት እጃቸው አያርፍም። ስለዚህ ዛሬ ከራሷ ካርታ ይልቅ የእሳቸውን እጅ ነው የምታየው፤ ያነሡትን የት እንደሚሽጡት ካየች ቁጥሩን መገመት ትችላለች።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸነፈች። በአራተኛው ሰባት ካርታ አዛምዳ ሁለት ንግሥትና አንድ ቀይ ልብ ስምንት ቀራት። ሽማግሌው ቀደም ብላ የጣለችውን ቀይ ልብ ስድስት አንሥተው ነበር። አሁን ደግሞ ከክምሩ አንድ አነሡና ከስድስቱ ቀኝ ጎን ሻጥ አደረጉት፤ ቀይ ልብ ሰባት መሆን አለበት።

ስምንቷን ከጣለች አለቀላት። ግን ለስምንቷ ብላ ንግሥት ትጣል? አዲስ ካርታ አነሣች፤ ቀይ ልብ ዘጠኝ! ዓይኗን ጨፍና አንዷን ንግሥት ጣለች።

«ወይ ጉድ!» አሉ ሽማግሌው። «ታመምሽ እንዴ?»

እሳቸው አንሥተው ጣሉ። እሷ አነሣች። ቀይ ልብ ዐሥር! ሁለተኛዋን ንግሥት ጠረጴዛው ላይ አጮኸቻት።

«ዘጋሁ!»

ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ድረስ ነው የጮኸችው። ሽማግሌው መነጽራቸውን ጠርገው ካርታዋን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ከዚያ የራሳቸውን ገለጡ፤ እውነትም አንዲት ካርታ ብቻ ነበር የጎደላቸው።

«ስምንቷን የት ደብቀሽብኝ ነው?»

«እጄ ላይ ነበረች፣ አባባ። የሸኘሁት ንግሥቶቼን ነው።»

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ግን አንገቷን ደፍታ በሹክሹክታ ተመስገን አለች፤ እንባዋም መጣ። ቀና ስትል ሽማግሌው ስልክ ይዘው ከወንድማቸው ጋር ይነጋገራሉ።

«ነገ እንዳትመጣ። አልሄድም። ምራቴ አሸነፈችኝ... አዎ፣ በካርታ! ምን ያስቅሃል? አንተንማ በሦስት ደቂቃ ነው የምትጨርስህ!»