ለሰርግ ያስገጠምኩት ስፖይለር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ጥር፣ እዚሁ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ነው። ገና ቅርብ ነው፤ ቢርቅም የሚለቀኝ አይመስለኝም። ሰው ስቆ እንዲያልፈው የሚነገር ገጠመኝ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ያለኝ ግን ይሄ ነው።

የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ባልዲ፣ ገንዳ፣ ጀሪካን እሸጣለሁ። አንዲት ነጭ አሮጌ የቤት መኪናም አለችኝ። ዕድሜዋ ከብዙ ሙሽሮች ይበልጣል። ታጥባ አበባ ከተደረገባት ግን ማንም ዕድሜዋን አይጠይቃትም። በሰርግ ወራት ለአጀብ አከራያታለሁ።

ባለፈው ዓመት ገበያው ቀዘቀዘባት። ሚዜዎች ይመጣሉ፣ ዞር ዞር ብለው ያዩዋታል፣ «እንደውላለን» ብለው ይሄዳሉ። አንዱ ግን ፊት ለፊት ነገረኝ።

«ጋሼ፣ ከፊት ምንም አትልም። ከኋላ ግን ጭራዋን የተቆረጠች ትመስላለች። ስፖይለር አስገጥምላት።»

እኔ ከደንበኛ ጋር አልከራከርም። ቀይ ባልዲ ካሉኝ ቀይ አመጣለሁ፤ ለምን ቀይ አልልም። ያን ከኋላ እንደ ክንፍ የሚገጠም ጌጥ፣ ስፖይለር ካሉም ስፖይለር።

ጳውሎስ የሚባል ጋራዥ ያለው ሰው ጋ ሄድኩ። ከተጋጨ ትልቅ መኪና ላይ የተነሳ ስፖይለር ነበረው። ሁለት ሰው ቢቀመጥበት ይበቃል።

«ይሄ የመኪና ነው የአውሮፕላን?» አልኩት።

«እኔ ክንፉን ልግጠምላት እንጂ መብረሩ የአንተ ነው» አለና የኋላ ኮፈኑን በስቶ በብሎን አሰረው። ከመኪናዋ ጋር እንዲመሳሰል ነጭ ቀባው።

እውነት ለመናገር አማረባት። ኮፈኑን ከፍተን አየነው፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ኮፈኑን የሚደግፈው ሞላ ክብደቱን ይችለዋል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ቆሞ እያየኸው!» አለኝ። እኔም አየሁ። ቆሟል።

ሶዶን ለማያውቅ ልንገረው። ከተማችን ዳሞታ ተራራ ሥር ነው ያለችው። መኪና ስናቆም አፍንጫዋ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል፤ ሜዳ ብዙ የለንም። የጳውሎስ ጋራዥ ደጅ ቁልቁል ነው፤ መኪናዋም አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጋ ነበር የቆመችው። ይሄን ያኔ እኔም እሱም ልብ አላልነውም። ቁልቁለት ላይ ተወልደን ያደግን ሰዎች ነን፤ መሬቱ ዘመም ማለቱን ከረሳነው ቆይተናል።

ብዙም ሳይቆይ ሰርግ ያዝኩ። ደግሞ የፊት መኪና ሆኜ! የፊት መኪና ማለት ካሜራማኑን የሚይዘው ነው። ካሜራማኑ በተከፈተው የኋላ ኮፈን ውስጥ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጥና ሙሽሮቹን እየቀረጸ ይሄዳል። የትም ሰርግ ላይ የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ልጁ እንድርያስ ይባላል፣ የቦዲቲ ልጅ። በሰው ካሜራ ሲሠራ ኖሮ የራሱን የያዘው በቅርቡ ነበር። ኮፈኑ ውስጥ ተመቻችቶ እየተቀመጠ፣ «ጋሼ፣ ቀስ በል። ጉድጓድ ላይ ካንገጫገጭከኝ ቪዲዮው ላይ የሚታየው የሙሽራዋ ጥርስ ብቻ ነው» አለኝ።

«ጥርሷ ያምራል፣ አታስብ» አልኩት።

ሳቀ። «አቧራ ሲበዛብኝ ኮፈኑን ሳብ አደርገዋለሁ። ያኔ እንዳትቆም፣ ዝም ብለህ ንዳ።»

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን አስፋልቱን ቁልቁል ስንወርድ ሁሉም ሰላም ነበር። በስፖኪዮ የሚታየኝ የተከፈተው ኮፈን ብቻ ነው። ሙዚቃውን ከፍ አደረግኩት። ከዚያ ለፎቶ ወደ ዳሞታ በኩል ታጠፍን። መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ሽቅብ ነው።

ትንሽ እንደወጣን ስፖኪዮው በራ። ኮፈኑ ወርዷል። የሙሽሮቹ መኪና ከነአበባው ከኋላዬ ወለል ብሎ ታየኝ። አቧራ በዝቶበት ሳብ አደረገው አልኩ።

ወዲያው ክላክሱ ቀለጠ። አጀቡ በሙሉ አንድ ላይ ይነፋል። እኔም ነፋሁ። አንዱ ሚዜ በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ ሁለት እጁን ያወናጭፋል። ሲጨፍር መሰለኝ፤ በመስኮት እጄን አውጥቼ መለስኩለት። ሽቅቡን ነዳሁት።

ያስቆመኝ አንድ ባጃጅ ነው። በጎን አልፎኝ መንገዱን ዘጋብኝ። ሹፌሩ ወርዶ፣ «አንተ ሰውዬ! ሰው እየገደልክ ክላክስ ትነፋለህ?» ብሎ ጮኸብኝ።

ወርጄ ወደ ኋላ ሄድኩ። ኮፈኑ ጥርቅም ሊል ምንም አልቀረውም። ከሥሩ አንድ እጅ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። በላዩ ያ ስፖይለር ነጭ ሆኖ ተቀምጧል።

ከፈትኩት። እንድርያስ ሲጮህ ቆይቶ ድምፁ አልቆበታል። «ካሜራዬስ ጋሼ?» አለኝ። ካሜራው ከታች መንገድ ላይ ተበትኗል። «አለ» አልኩት።

አበባውን ለመንቀል እንኳ ጊዜ አልነበረም። ከነሪባኑ ሆስፒታል ደረስን። ዘበኛው ሙሽራ የምትገባ መስሎት ፈገግ ብሎ በሩን በሰፊው ከፈተልን። በዚያች መኪና ጌጥ የተጠቀምኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሐኪሙ አጥንቱ እንደሚገጥም፣ የቀኝ እጁ ነርቭ ግን እንደተበጠሰ፣ ጣቶቹ ተመልሰው ዕቃ እንደማይጨብጡ ነገረን። ለሁለታችንም ነው የነገረን። እኔ አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር።

በማግስቱ መኪናዋን ጳውሎስ ጋ ወሰድኩ። አፍንጫዋን ቁልቁል አድርገን ኮፈኑን ከፈትነው፤ ቆመ። አዙረን ሽቅብ አደረግናት፤ እጃችንን ከማንሣታችን ወደቀ። ደጋግመን ሞከርነው፤ ያው ነው። ጳውሎስ ቁልፉን አውጥቶ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። እኔም የፈታቸውን ብሎኖች ተቀበልኩት። ብንሰዳደብ ይሻል ነበር።

የእንድርያስ ቤተሰብም አልሰደቡኝም። «እግዚአብሔር ያለው ነው» አሉ፤ ሽማግሌ ይዤ ብሄድ ለእኔው ምሳ አቀረቡልኝ። የባጃጁ ሹፌር ብቻ ነው የሚገባኝን የነገረኝ፤ እሱንም ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም።

በቅርቡ ቦዲቲ ሄጄ እንድርያስን ጠየቅኩት። በእህቱ ሱቅ በር ላይ ተቀምጧል። ከልማድ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። ያዝኩት። እኔ ጨበጥኩ እንጂ እሱ አልጨበጠኝም።

«መኪናዋስ ጋሼ፣ ደህና ናት?» አለኝ። ሊያሽሟጥጠኝ አይደለም፤ እንደ ቤተሰብ ነው የጠየቀኝ።

«ደህና ናት።»

«እጄ እየተሻለው ነው። ለሚቀጥለው ጥር ካሜራ ይይዝልኛል። የፊት መኪና አንተ ነህ፣ ለሌላ እንዳትሰጣት።»

ሐኪሙ ያለውን አብረን ነው የሰማነው። ጣቶቹን አየሁ። «ይይዝልሃል» አልኩት።

ነጋዴ ነኝ፤ የሚሰነጠቅ ባልዲ ጠንካራ ነው ብዬ ሸጬ አውቃለሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ባዶ ነገር ግን ለሰው ሸጬ አላውቅም። እሱም ሳይከራከር፣ ደስ ብሎት ወሰደልኝ።