የቅያሳችን ቀጭን ቱቦ

አዳማ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ቧንቧ የሚያውቅ ሰው ካለ እስካሁን አላገኘሁትም። ጉራ ነው የሚል ይበል፤ በዚህ ከተማ እጄ ያልገባበት ግቢ ጥቂት ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። በወጣትነቴ መልካሳ አጠገብ ባለ የአትክልት እርሻ ዘበኛ ነበርኩ። የመስኖው ፓምፕ በተበላሸ ቁጥር መካኒኩ ሲፈታና ሲገጥም ከኋላው ቆሜ አያለሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እሱ እኔን የሚጠይቅ ሆነ። ማንበብን ራሱ የለመድኩት ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ነው።

እንግዲህ የገዛ ቤቴ የወጥ ቤት ቧንቧ እንደ ክር ቀጥኖ ሲወርድ ምን እንደተሰማኝ መናገር አያስፈልግም።

ባለቤቴ ስኳር አለባት። ባለፈው ክረምት ግራ እግሯ ላይ ቁስል ወጣና ነርሷ ጠዋትና ማታ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ እንዲታጠብ አዘዘች። ውሃ ወደ እኛ ሠፈር የሚመጣው በፈረቃ፣ ረቡዕና እሁድ ነው። የእኛ ቤት ደግሞ የቅያሱ መጨረሻ ላይ ነው። በርሜሉ ግማሽ ሳይደርስ ፈረቃው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ጋሪ የሚያመጣውን ጀሪካን ከበር ላይ እየተቀበልኩ እየጎተትኩ አስገባለሁ፤ እሷ እንኳን ጀሪካን ጣሳም ማንሳት አትችልም። አንዳንድ ቀን ጋሪውም ይቀራል፣ ቁስሉም ሳይታጠብ ያድራል።

ዱከም ፋብሪካ የምትሠራው ልጃችን መጥታ ይህን አየችና ቁርጡን ነገረችኝ።

"አባዬ፣ እኔ የተከራየሁበት ግቢ የጉድጓድ ውሃ አለው። እስከ እሁድ ይሄ ቧንቧ በደንብ ካልወረደ እማዬን ይዣት እሄዳለሁ።"

"ቧንቧ ልታስተምሪኝ ነው?"

"አላስተምርህም። እሁድ መጥቼ እከፍተዋለሁ፣ በቃ።"

ከባለቤቴ ጋር ከአርባ ዓመት በላይ ኖረናል። ራሴን ብዙ ነገር አስተምሬያለሁ፤ እሷ የሌለችበት ቤት ውስጥ ማደርን ግን አላስተማርኩትም።

ሰኞ ጠዋት ጀመርኩ። የቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈታኋት፤ ነጭ ድንጋይ ደፍኗታል። አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፌ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኳት። የመክፈቻውን ላስቲክ ቀየርኩ። ማክሰኞ ከቆጣሪው እስከ ወጥ ቤት ያለውን የዛገ ብረት በሙሉ አውጥቼ በአዲስ ፕላስቲክ ተካሁት። ሌላ ሰው ከረዳት ጋር ሳምንት የሚፈጅበትን ሥራ ብቻዬን በሁለት ቀን ጨረስኩ። ረቡዕ ፈረቃው ሲደርስ ከፈትኩት።

ያው ክር።

ባለቤቴ በሩ ላይ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። "አንተ ሰውዬ፣ ቧንቧውን ሁሉ አዲስ አደረግከው፤ ለውሃው ግን የነገረው የለም መሰለኝ" አለች።

አንድ ምርመራ ቀርቶኝ ነበር። ቤት ለቤት ዞሬ ለሩብ ሰዓት ያህል ሁሉም ቧንቧውን እንዲዘጋ ለመንኩ። ከማዶ ያለችው ጎረቤታችን እጇ አረፋ እንደሆነ ብቅ ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ።

"አካም ጅርቱ ኦቦ? ልብስ ዘፍዝፌ እኮ ነው!"

"ሩብ ሰዓት ብቻ፣ እህቴ።"

"ለእርስዎ ሲባል ይዘፍዘፍ እንጂ" ብላ እየሳቀች ገባች።

ሁሉም ዘጉ። የእኛ ቧንቧ ሁለት ጊዜ አሳለና ውሃው እየጮኸ ወረደ። ሳፋውን እየመታ ግድግዳውን አራሰው። ባለቤቴ ዱካዋን ወደ ውሃው አስጠግታ እጇን ዘረጋች፤ ፊቷ ላይ ሲረጭባት እንደ ልጅ ሳቀች። "ሠራኸው!" አለች።

እኔ አልሳቅሁም። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የውሃው ግፊት ደህና ነው። ለአሥራ አንድ ቤት ያልበቃው ከመንገዱ ድንጋይ ሥር ያለው ዋናው ቱቦ ነው። ያንን ቱቦ የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ቅያሳችን ኮብልስቶን ከመነጠፉ በፊት ሠፈርተኛው ተሰብስቦ የራሱን የውሃ መስመር ለመዘርጋት ተስማማ። ሊያማክረን የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ወፍራሙን ቱቦ ግዙ አለን። እኔ ተነሳሁ። የአትክልት ማጠጫ ጎማ አስመጣሁና አፉን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት፤ ውሃው ተወርውሮ የማዶውን ቤት ጣሪያ መታ። "አያችሁ? ውሃ የሚበረታው ሲጠበው ነው! ወፍራም ቱቦ ውስጥ ይተኛል" አልኩ። ሰዉ አጨበጨበ። ባለሙያው "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጫፉ ላይ ብቻ ሲጠብ ነው፤ መንገዱ በሙሉ ከጠበበ..." ብሎ ሲጀምር "ደብተርህን ቤትህ አንብብ" አልኩትና ሰዉ ሳቀበት። ቀጭኑን ገዛን። በተረፈው ብር የእድር ድንኳን ተገዛ፤ ለቅሶ ላይ ሲተከል እስከ ዛሬ "የጋሼ ድንኳን" ይሉታል።

ያኔ ስድስት ቤት ብቻ ነበርን። ይህን ለመከራከሪያ አልጽፈውም፤ ግን እጽፈዋለሁ።

ረቡዕ ማታ እግሯን እያጠብኩ ለባለቤቴ ነገርኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ያን ቀን እኔም አጨብጭቤ የለ?"

ሐሙስ ውሃ ቢሮ ሄድኩ። መስመሩ የራሳችሁ ነው፣ ከተስማማችሁ ፈቃድ አውጥታችሁ ድንጋዩን አንሱና ለውጡት አሉኝ። ከማን ጋር ልስማማ? ያኔ መስመሩን ካስዘረጋው ኮሚቴ ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ቤቱን ሸጦ ሄዷል። አሁን ያሉት ተከራዮች ናቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት የት እንደሚኖሩ አያውቁም። ፓምፕ ግጠም የሚለኝም አለ። ከዚያ ቱቦ ላይ በፓምፕ መሳብ ከአሥር ቤት አፍ መንጠቅ ነው። የምነጥቀው ደግሞ እኔው በሰጠኋቸው ቱቦ ነው። አላደርገውም።

ያደረግኩት ሌላ ነው። ቅዳሜ ቤት ለቤት እንደገና ዞርኩ።

"ነገ ልጄ ስትመጣ ዝጉልኝ፤ እስክትሄድ ብቻ።"

የማዶዋ ጎረቤቴ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። "ራኮ ህንቀቡ፣ ችግር የለም ኦቦ" አለች። "እንግዳዋ ምሳ ትቆያለች እንዴ? ወጥ መሥራት አለብኝ።"

እሁድ ልጄ ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወጥ ቤት ሄዳ ከፈተችው። ውሃው እየጮኸ ወረደ።

"እንዴ! አባዬ!"

"ምን ጠብቀሽ ነበር?" አልኳት። ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት፤ አልክድም። እሷም አቀፈችኝ። እንግዲያው እማዬ ትቆይ ብላ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

ባለቤቴ ዱካዋ ላይ እንዳለች ቧንቧውን በእጇ አመለከተች።

"ልጄ፣ ጎረቤቱ ዘግቶልን ነው" አለች። "ስትሄጂ ይከፍቱታል።"

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"አትቆጪው። ሰውዬው ለእኔ ብሎ ነው" አለቻት ባለቤቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ቁስሉ ሸትቷል። አንተን ላይሸትህ ይችላል፣ እኔን ግን ይሸተኛል። ልሂድ" አለች።

ልብሷ በአንድ ፌስታልና በአንድ ሻንጣ አለቀ። ልጄ "አባዬ፣ አንተም ና" አለችኝ። አንድ ክፍል ነው የተከራየችው። ሥራ አለብኝ አልኳት። ባለቤቴን ደግፌ መናኸሪያ የሚያደርሳቸው ባጃጅ ላይ አወጣኋት። እግሯን እንዳትመታ ሾፌሩን ሦስት ጊዜ አስጠነቀቅኩት። ባጃጁ ድንጋዩ ላይ እየተንገጫገጨ ቅያሱን ጨርሶ ታጠፈ።

ወጥ ቤት ስመለስ ቧንቧው እንደተከፈተ ነው። ውሃው ሳፋውን ሞልቶ ይፈሳል፤ ቆሜ አየዋለሁ። በአጥር ላይ የማዶዋ ጎረቤቴ ድምፅ መጣ።

"ኦቦ! ሄደች? እንክፈት?"

"ክፈቱ" አልኳት።