ከእናንተው አይቼ ነው

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ምስጋና ሲቀበሉ አይቼ አላውቅም። ወጥ ሠርተው ጣፈጠ ቢባሉ «ኧረ ቅቤው ነው» ይላሉ። ያደግንበት ነገር ነው፣ እኔም አለብኝ። ሱቃችንን ገደል አፋፍ ያደረሰው ይኸው ጨዋነት ስለሆነ ግን ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

በፈረንጆቹ 2010ዎቹ መሀል፣ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ኮንየርስ ውስጥ፣ ትንሽ የፔይንትቦል ሱቅ ነበረን። ሰዎች ተቧድነው በቀለም የተሞላ ኳስ የሚተኳኮሱበትን መሣሪያ እንሸጣለን፣ እንጠግናለን። እኔ ባንኮኒው ላይ፣ ጋሼ ከጀርባ ጥገናው ላይ። የመሣሪያው ትልቁ ጣጣ ኳሷ ሳትወጣ አፈሙዙ ውስጥ መፈንዳቷ ነው። ጋሼ ክረምቱን ሙሉ ሲታገሉ ከርመው ኳሷን ቀስ አድርጎ የሚገፋ የጎማ ጫፍ ሠሩ። ወሬው ተዳረሰና ደንበኛው ከሩቅ እየነዳ ይመጣ ጀመር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደህና የለበሰ ፈረንጅ ገባ። ጫፏን ገዛና በጣቶቹ እያገላበጠ፣ እንዴት እንዳሰቧት ጋሼን ጠየቃቸው። ጋሼ ወንበር ሳቡለት፣ ሻይ ቀዱለት። ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው «ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ከእናንተው አይቼ ነው» አሉት። አበሻ ቢሆን ይስቅና «ኧረ ይተዉ» ይላል። ይሄኛው ግን ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። ጋሼ «እናንተ» ያሉት ፈረንጁን በጅምላ ነበር። ሰውየው ደግሞ የመጣው ከአንድ ትልቅ የፔይንትቦል መሣሪያ አምራች ኩባንያ ነበር።

በሳምንቱ የኩባንያው ጠበቃ ደወለ። ኳስን በልስላሴ የሚገፋ ማንኛውም ነገር በእነሱ ስም በፓተንት የተመዘገበ ነው አለኝ፤ «ወንድምሽም ከእኛ መውሰዱን በሠራተኛችን ፊት አምኗል» ሲል ጨመረ። የሚፈልጉትንም ዘረዘረልኝ። ሥራውን ማቆም፣ ሐሳቡን ከእነሱ ወስጃለሁ ብሎ መፈረም፣ አለዚያ ፍርድ ቤት።

የፈጠረ ሰው መብቱ ይጠበቅለት፣ በዚህ ጠብ የለኝም። እንዲያማ ከሆነ ለጋሼም ይጠበቅላቸው ነበር። ልስላሴን አጥር አጥሮ የእኔ ነው ማለት ግን ምን ይሉታል? ደንበኛ መስሎ ሻያችንን ጠጥቶ መሄዱስ?

ዶራቪል ቢሮ ያላት አንዲት የአበሻ ልጅ ጠበቃ ያዝን። እዚህ ያደገች ናት፣ ጋሼን በዚያ ዕድሜያቸው «አንተ» ትላቸዋለች።

«ሳይን ካደረግክ ኬዙ ክሎዝ ይሆናል፣ ዩ ኖው» አለቻቸው። «ፋይት ካደረግን ግን ብናሸንፍ ራሱ ሱቁ አይተርፍም።»

ጋሼ እስክሪብቶውን አነሱ። እኔ በልቤ ይፈርሙ እያልኩ እጸልያለሁ፣ ከዚያ ሱቅ የሚበላው ሁለት ቤተሰብ ነው። እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ መሥራቱን አቆማለሁ። የሰው ነገር ወሰድኩ ብዬ ግን አልፈርምም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ብለዋል እኮ» አልኩ። ፍርሃት ነው ያናገረኝ።

«እሱን ያልኩት ለእንግዳ ነው» አሉና ተነሱ።

ከዚያ በኋላ የሱቁ በር በተከፈተ ቁጥር የክስ ወረቀት የመጣ ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱ ሳይመጣ ቀረ። ጋሼ መሥራት ማቆማቸው በቅቷቸው መሰለኝ፣ የኩባንያው ሰዎች ተዉን። ሱቁም ተረፈ። በዓመቱ ያቺው የጎማ ጫፍ በሚያብረቀርቅ ማሸጊያ፣ በኩባንያው ስም ወጣች። ደንበኛ ስለሚጠይቅ እኛም አስመጥተን ሸጥናት። ጋሼ በገዛ እጃቸው ለደንበኛው ይገጥሙለታል።

አንድ እሁድ ስኔልቪል ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ ከርሞ ከርሞ አልዘጋ ያለውን በር ጋሼ ጠገኑት። አዲስ የመጣ አንድ ወንድም በሩን ከፈት ዘጋ እያደረገ «እርስዎ ነዎት የሠሩት? እጅዎ ይባረክ» አላቸው። «ኧረ እኔ ምን ሠራሁ» እስኪሉ ጠበቅኩ። ጋሼ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። እጁ ላይ ያለውን ስልክም አዩ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» አሉ። «ከማንም አላየሁም።»