ሁልጊዜ አንድ የሚቀረው ቁጥር

ሚስታቸው ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተዋል። ከአጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የኮታቸውን ቁልፍ አዛንፈው ቆልፈዋል። በአንድ እጃቸው የሚስታቸውን ካርድ ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ጣት ጉልበታቸው ላይ የካርዱን ቁጥር እየጻፉ ያካፍላሉ፤ ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ።

“ለሁለት ሳካፍለው አንድ ይቀራል” አሉኝ። “ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድ፣ ለአሥራ ሦስትም ያው አንድ። ምን ጉድ ነው ልጄ?”

“ቁጥር እኮ ነው አባባ።”

“እኛም ሁለት ነን፤ አንዳችን ብንሄድ አንድ ይቀራል። ልጅ የለን፣ ዘመድ የለን።”

ማካፈሉን አልተዉትም። ሲሳሳቱ “ኤጭ!” ይሉና ሱሪያቸውን እንደ ሰሌዳ በመዳፋቸው ጠርገው እንደገና ይጀምራሉ።

ድንገት ክንዴን ያዙኝ። “ለሃምሳ ዘጠኝ እኩል ተካፈለ! ምንም አልቀረም!”

ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ጨለመ። “ምንም ካልቀረስ... ጥሩ ነው መጥፎ?”

በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች። “አባባ፣ ደህና ናቸው፤ ነቅተዋል። ‘በልቷል ወይ?’ እያሉ ይጠይቃሉ።”

ሽማግሌው ብድግ አሉ። እንባቸው እየወረደ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

“በልቻለሁ እንዴ ልጄ?”