ከቲቪው ሥር

«አንቺ ብትሆኚ ከሥሩ ልጅ ታስተኛለሽ?»

ይህን የጠየቁኝ እትዬ ናቸው። እትዬ ኦክላንድ ውስጥ ክፍል ያከራዩኝ ሴትዮ ናቸው፤ ሳሎናቸው ደግሞ ዴይኬር ነው። ጠዋት ወላጆች ልጆቻቸውን ያመጣሉ፣ ማታ ይወስዳሉ። በመሀል እትዬ ያበላሉ፣ ያጫውታሉ፣ ናፕ ታይም ሲደርስ ትንንሽ ፍራሽ ደርድረው ያስተኛሉ። ፍራሾቹ የሚነጠፉት ከረጅሙ ግድግዳ ሥር ነው። ሌላ ቦታ የለማ! በአንድ በኩል መስኮት፣ በአንድ በኩል የኩሽና በር፣ በአንድ በኩል የኔ በር።

ያ ቅዳሜ የእትዬ ወንድም ጋሼ ከሳን ሆዜ ድረስ ጭነው ያመጡት ቲቪ ከነካርቶኑ ሳሎኑን ሞልቶት ቆሟል። የበፊቱ ቲቪ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከልጆቹ መሀል አንዲት ያየችውን ሁሉ የምትጎትት አለች፤ ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላትም። ገመዱን ይዛ ሳበችው። እትዬ ዘለው በትከሻቸው ገፉት፣ ቲቪው ከልጅቷ አጠገብ ወደቀና ተሰበረ። ልጅቷ ሳቀች። እትዬ ግን ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ ብለው መጠበቅ ጀመሩ፤ ሻይ ለማፍላት እንኳን አይነሱም።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ምን አሰቡ? ከበፊቱ በጣም የሚበልጥ ቲቪ ገዝቶ ግድግዳ ላይ መስቀል! «ለልጆቹ ነው» አሉ። ለኳስ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እትዬ ጥያቄውን እኔን የጠየቁት ያለ ነገር አይደለም። ዲግሪዬ ፐብሊክ ሄልዝ ነው፣ ገና መመረቄ ነው፤ ግን ኮሌጅ እያለሁ ሳን ሆዜ አንድ ሃርድዌር ሱቅ ውስጥ ቪቴና ብሎን ስሸጥ ነው የኖርኩት። እውነቱን ለመናገር ለሰው የጠቀመው እስካሁን ዲግሪው ሳይሆን ቪቴው ነው።

አፌን ሳልከፍት ጋሼ ቀደሙኝ። «ይሄ ምን ጥያቄ አለው! እንኳን ልጅ፣ ቄስም ይተኛበታል!»

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብዙም አይሆንልኝም፤ እናቴ «ምላስሽ ካንቺ ቀድሞ ነው የተወለደው» ትለኛለች። ግን የማላውቀውን አላወራም። ግድግዳውን ገና አላንኳኳሁትም ነበር።

ጋሼ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ሆቴሉ ውስጥ ያለውን ቲቪ ሁሉ የሰቀልኩት እኔ ነኝ ይላሉ፤ አምናቸዋለሁ። ሪችመንድ ካለ ጓደኛቸው ድሪል ተውሰው መጥተዋል። ከኪሳቸው ደግሞ አንድ እፍኝ ፊሸር አወጡ፤ ቀዳዳ ውስጥ ከተህ ቪቴ የምታስርበት ያቺ ትንሽ ፕላስቲክ። «ብስት፣ ክትት፣ ጥብቅ! በቃ» አሉ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ስተዱን እንፈልግ።»

«ስተድ ምንድን ነው? ግድግዳ ግድግዳ ነው!»

የድሪሉን መብሻ ፑንታ ደግነው ሲጫኑት ድሪሉ ዳቦ እንደሚበሳ ሁሉ ስምጥ አለ። እሳቸው እንኳን ደንገጥ አሉ። ወዲያው ግን ዞረው፣ «አየሽ እንዴት ቀላል እንደሆነ!» አሉኝ።

«መቅለሉ ነው እኮ ችግሩ።»

«አንቺ የተማርሽው ስለ ጉንፋን አይደለም እንዴ?»

እትዬ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ተናድጄ ነው። ሱቁ ውስጥ ስንቱ ሽማግሌ እንዲህ ብሎኛል! «ወንድ የለም እንዴ እዚህ?» ብሎ ጠይቆኝ፣ እኔ የነገርኩትን ትቶ ሄዶ፣ ቅዳሜ የገዛውን ሰኞ ሲመልስ ያየሁት ብዙ ነው። ስለዚህ አልተከራከርኩም። ጋሼ ፊሸሩን ከተው፣ የቲቪውን መስቀያ ብረት አሥረው፣ ላባቸውን ሲጠርጉ ጠበቅኩና ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ ቲቪው ከመውጣቱ በፊት እኔ ልውጣ።»

«የት?»

«እዚህ ላይ።» ብረቱን በሁለት እጄ ያዝኩና እግሬን ከመሬት አነሳሁ።

ትንሽ ያዘኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ ግርር ብሎ፣ እኔም ብረቱም ግማሽ ግድግዳውም አብረን ወረድን። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ፀጉሬ ነጭ ዱቄት ሆኗል።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ።

«ከቲቪው ትከብጃለሽ እኮ!» አሉ ጋሼ።

«ያቺ ልጅ ብትንጠለጠልበትስ?»

እትዬ ግድግዳው ላይ የተከፈተውን ቀዳዳ እያዩ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «በቃ ወንድሜ፣ ሪተርን አድርገው። ሰው ልጁን አምኖ ነው የሰጠኝ። እኔ ግድግዳዬን ሳላምን እንዴት አስተኛለሁ?» አሉ።

ጋሼ ቅስማቸው ተሰበረ። ፊሸሮቹን ከወለል ላይ መልቀም ጀመሩ። እንደዚያ ሲያጎነብሱ ሳያቸው ንዴቴ ጠፋ። ሰውየው ደደብ አይደሉም። ብሎኬት ግድግዳ ነው የሚያውቁት፣ ብሎኬት ደግሞ የትም ብትበሳው ይሸከማል። እኔ ደግሞ ስተድ ስተድ እያልኩ በሱቅ ቋንቋ ነው የማወራቸው። ማን ይሰማኛል?

«ጋሼ፣ ያደጉበት ቤት የምን ነበር?»

«ምን ልትይኝ ነው ደግሞ?»

«ዝም ብለው ይመልሱልኝ።»

«የጭቃ ነዋ።»

«ግድግዳው ላይ ከባድ ነገር ነበር?»

እትዬ ቀደሟቸው። «የአባዬ ትልቁ መስታወት ነበር። ፍሬሙ ብቻውን ይገድላል!»

«እሱ ጭቃው ላይ ነበር የተሰቀለው?»

«ምን ማለትሽ ነው?» ጋሼ ቀና አሉ። «ጭቃ ይሸከማል እንዴ? ቋሚውን እንጨት ፈልገሽ ነው እንጂ ምስማር የምትመቺው! አባዬ በጣቱ እያንኳኳ...» አሉና አቆሙ። ግድግዳውን አዩት። ቀዳዳውን አዩት። እጃቸውን ከተቱበት፤ ውስጡ ባዶ ነው። «ይሄ ጭቃ ቤት ነው እያልሽኝ ነው?»

«ቀለም የተቀባ ጭቃ ቤት። ቋሚ እንጨት አለው፣ በላዩ ላይ ጂፕሰም ለብሷል። ስተድ ማለት ቋሚ ነው።»

«ታዲያ ቋሚ አትይም ነበር!»

ሳቁ፣ ሳቅኩ፣ እትዬ ግን አልሳቁም። ሄደው ፍሪጁ ላይ የቤተክርስቲያኑን ካላንደር የሚይዘውን ማግኔት አመጡልኝ፤ እኔ ነኝ ያምጡልኝ ያልኳቸው። ጂፕሰሙ እንጨቱ ላይ የታሠረው በቪቴ ስለሆነ፣ ማግኔት ግድግዳው ላይ ስታንሸራትት ቪቴውን ሲያገኝ ይይዛል። አንዱን ቋሚ እንዲያ አገኘሁት። ከሥሩም ከላዩም በቀጥታ መስመር እየያዘ ወረደ። ሁለተኛውን ጋሼ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው በጣታቸው እያንኳኩ ነው ያገኙት። ኳ ኳ ኳ ሲል ቆይቶ ጥጥጥ አለ። «እዚህ!» አሉ። ማግኔቱን አስጠጋሁት፤ ያዘ።

አንድ ጣጣ ነበር። ቋሚዎቹ ሶፋው መሀል ላይ አልመጡም፣ ወደ መስኮቱ ያደላሉ።

«መሀል ካልሆነ ያስጠላል» አሉ ጋሼ።

«ያስጠላ!» አሉ እትዬ። «ቆንጆ ሆኖ ከሚወድቅ አስቀያሚ ሆኖ ይሰቀል።»

መጀመሪያ በቀጭን ፑንታ በሳሁ። ይሄኛው ላይ አልቸኩልም፤ በሁሉ ነገር እቸኩላለሁ፣ በዚህ አልቸኩልም። ፑንታው መጀመሪያ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ እሱ ጂፕሰሙ ነው። ከዚያ ድሪሉ ድምፁን ይለውጥና ቢጫ የእንጨት ፍቅፋቂ ይወጣል። ቢጫው ሲመጣ ጋሼ «እልል!» አሉ። ከአራቱ ቀዳዳ ሦስቱ ቢጫ አወጡ። አራተኛው ነጭ ብቻ ነው፤ ከእንጨቱ ጠርዝ ስቷል።

«ሦስቱ ይበቃል» አሉ ጋሼ።

«አይበቃም።»

«ኧረ አንቺ ልጅ!»

«ጋሼ፣ ማነው ከሥሩ የሚተኛው?»

የብረቱ ቀዳዳ ሰፋ ያለ ስለሆነ ወደ እንጨቱ መሀል ጠጋ አድርገን አራተኛውን እንደገና በሳን፣ ቢጫ አወጣ። ረጃጅሞቹን ብሎኖች ጋሼ በቁልፍ አጠበቁ፤ የክንዳቸው ሥር እስኪገተር። ውኃ ልኩን አስቀመጥኩበት፣ አረፋዋ መሀል ቆመች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ ተንጠለጠልኩ። ምንም። ጋሼም በተራቸው ጉልበታቸውን አጥፈው ተንጠለጠሉ፣ የሱሪያቸው ኪስ ውስጥ የቀረው ፊሸር ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ቲቪውን አብረን አነሳን፣ ሰቀልን። ገመዱን ደግሞ ከግድግዳው ጋር በፕላስቲክ ሽፋን ለጥፌ ወረድኩት፤ የሚጎተት ነገር ካለ ያቺ ልጅ ታገኘዋለቻ።

ከታች የቀረውን ትልቅ ቀዳዳ ጋሼ በሚቀጥለው ቀን መጥተው ደፈኑት። «ጭቃ መረግን!» እያሉ።

ሰኞ ቤት ነበርኩ፤ ሚልፒታስ የሥራ ኢንተርቪው ያለኝ ከሰዓት ነው። ናፕ ታይም ሲደርስ ከክፍሌ ስወጣ ምን አያለሁ? እትዬ ፍራሾቹን በሙሉ የኩሽናው በር አጠገብ አጭቀዋቸዋል። ልጆቹ እግር በእግር ተደራርበዋል። ረጅሙ ግድግዳ ሥር ባዶ ነው። ቲቪው ብቻውን ተሰቅሏል። ያቺ ጎታቿ ልጅ እትዬ ክንድ ላይ ሆና «ኖ ናፕ!» እያለች ዓይኖቿ ይከደናሉ።

እትዬ ቲቪውን አዩ፣ እኔን አዩ። መጠየቅም አላስፈለጋቸውም፣ ቅዳሜ ጠይቀውኛል፤ ያኔ የመለሱት ጋሼ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ኩሽናው በር ጋ ከነበሩት አንዱን ባዶ ፍራሽ ጎተትኩ። ግድግዳው ሥር፣ ልክ ከቲቪው በታች አነጠፍኩት። የኢንተርቪው ሱሪዬን ለብሼ እንደነበር ትዝ ያለኝ ከተንበረከኩ በኋላ ነው። ትራሷን አስተካከልኩና እጄን ዘረጋሁ።

«አስተኛለሁ፣ እትዬ። ያምጧት።»