ያልተነሣሁበት መቀመጫ

የልጅ ልጆቼ ንገሪን ብለውኝ ነው። የልጄ የኪሮስ የበኩር ልጅ ፍቃዱ ባጃጅ ገዛ፤ ገዝቶም አላረፈ፣ ከኋላ አንድ መቀመጫ ሊያስጨምርባት አሰበ። ያውም ኢንሹራንሱ ሳይሰማ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አጠገቤ ቁጭ አለና፣ «እምዬ፣ እስቲ ያንቺን ዘዴ አስተምሪኝ። ያ ኢንሹራንስ ላይ ቁጭ ያልሽበትን» አለኝ። እኅቶቹ ሳቁ። እኔም ከልማዴ ሳቅሁ። ስንት ዘመን ስስቅበት ኖሬያለሁ።

ይህ ሳቅ የግማሽ ታሪክ ሳቅ ነው። የቀረውን ግማሽ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ጾም በገባ ቁጥር ሰው ማማቴን፣ ገበያ ላይ በከንቱ መማሌን፣ ዓርብ ቀን ተሳስቼ ወተት መቅመሴን አንድ ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ። «ሌላስ የለም ወይ ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባቴ» እላለሁ። እንግዲህ አሁን የምነግራችሁ ያንን የለም ያልኩትን ነው። እኔ አወራለሁ፣ የፍቃዱ እኅት ትዕግሥት ትጽፋለች። አታሳምሪልኝ፣ እንዳልኩት ጻፊው ብያታለሁ።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ሰቆጣ በገባ ሰሞን ነው። ልጄ አለምነሽ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የላከችው ተጠራቅሞ አንዲት አሮጌ ረዥም መኪና ተገዛበት። ኪሮስ ይነዳታል። ከሰቆጣ ኒሯቅ፣ ከኒሯቅ ሰቆጣ፣ አንዳንዴም ኮረም ድረስ ሰው ያመላልሳል። እኔም ከመኪናዋ አልለይም። እግሬ ድሮም ቤት አይወድም፤ ከዚህ ማር ገዝቼ እዚያ እሸጣለሁ፣ ከዚያ በርበሬ ይዤ እመለሳለሁ። ሰዉ፣ «የኪሮስ እናት ሴት ወይዘሮ በቅሎ ላይ እንደምትቀመጥ መኪና ላይ ተቀምጣ ትዞራለች» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

አለምነሽ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ አዘዘች። «መኪናዋ ኢንሹራንስ ትግባ። ካልገባች ከእንግዲህ አምስት ሳንቲም አልልክም።» ልጅቷ በሰው አገር፣ በሰው ዕቃ መካከል ስትኖር የተሰበረን ነገር ማን እንደሚከፍል ተምራለች። እኛ ደግሞ እሺ አልን፤ ግን በርካሽ እንዲሆንልን ፈለግን።

ያን ጊዜ ነዳጅ ሰቆጣ ሲገኝ ይገኛል፣ ሲታጣ ሳምንት ይታጣል። ስለዚህ ኪሮስ መኪናዋን ወልድያ ወስዶ ሁለተኛ የነዳጅ ማስቀመጫ አሠራላት። ከኋላ ከረዥሙ መቀመጫ ሥር፣ ከወፍራም ብረት የተበየደ ነገር ነው። እኛ ሳጥኑ ነበር የምንለው። የበየደው ሰውዬ ሲያሰናብተው፣ «ይህን ለኢንሹራንስ ሰዎች ካሳየህ ወይ ክፍያውን ይቆልሉብሃል፣ ወይ ጭራሽ አንቀበልም ይሉሃል፤ አንተው ታውቃለህ» ብሎታል። ኪሮስ ይህንን መጥቶ ነገረኝ። እንግዲህ ምን ይደረግ? የተበየደ ነገር እንደ ቅል አይነቀል።

ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ኪሮስ ሲያወራ የራሱ ያስመስለዋል፣ ለእኔ ክብር ብሎ ነው። የእኔ ነው። «ሰውዬው የሚመጣ ቀን እኔ እላዩ ላይ እቀመጣለሁ» አልኩት። አሮጊት ሴት ከተቀመጠችበት ተነሺ የሚል የእናት ልጅ አገራችን የለም። ይህንን ነበር የተማመንኩት። የሰው ጨዋነት ምን ያህል እንደሚሸከመኝ አስልቼ ነበር የተቀመጥኩት።

ከወልድያ የተላከው ልጅ ይርጋ ይባላል። ጎጃሜ ነው። ቀጭን፣ ጫማውን አቧራ እንዳይነካው ጠርዝ ጠርዙን የሚሄድ ልጅ። ጣቱ ላይ የእጮኛ ቀለበት አለ። ሞተሩን ከፍቶ አየ፣ ጎማውን ረገጠ፣ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳከረ። ከዚያ የኋላውን በር ከፈተ። እኔ መቀመጫው ላይ ነኝ፤ ጋቢዬን እስከ ወለሉ ለቅቄዋለሁ።

«እንደምን ዋሉ እናቴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና መጣህ ልጄ።»

አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ። «ናፍታ ናፍታ ይላል» አለ።

«የሰቆጣ መኪና ታዲያ ሽቶ ይሽተት?» አለው ኪሮስ። ልጁ ሳቀ።

«እናቴ፣ ካልከበደዎት ትንሽ ቢነሡልኝ፣ ከሥሩ አየት አድርጌ...»

«ጉልበቴን ይዞኝ ነው እንጂ ልጄ» አልኩ። «ግን ሥራህ ነውና ልነሣ።» የበሩን ብረት ያዝኩ፣ አቃሰትኩ፣ ትንሽ ብድግ እንደማለት ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ደኅና ነበር። በዚያው ሳምንት ማር ፍለጋ ቆላ ወርጄ በእግሬ ወጥቻለሁ።

ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «ኧረ በሞቴ፣ ይቀመጡ። እናቴም እንዲሁ ጉልበቷን ያማታል። ለሁለት መስመር ጽሑፍ እርስዎን አላስነሣም» አለ። እዚያው ቆሞ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ሞላ። መቀመጫው ተነሥቶ ታይቷል ብሎ ጻፈ። እኔም መረቅሁት። ዕድሜ ይስጥህ፣ እናትህን ይማርልህ አልኩት። ከልቤ ነበር የመረቅሁት፣ ወላዲትን። እላዩ ላይ ተቀምጬ እያታለልኩት ከልቤ መረቅሁት። ሰው እንዲህ ይሆናል? እኔ ሆኛለሁ።

እንግዲህ የምትስቁበት ግማሽ እዚህ ድረስ ነው። ኪሮስ በየድግሱ የሚያወራው፣ ማቃሰቴን እያስመሰለ የሚያስቃችሁ።

በሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ መኪናዋ ተቃጠለች። ከኒሯቅ እየመጣን ነበር። ጭስ ሸተተን፣ ኪሮስ አቆመ፣ ሁላችንም ወረድን። አምላክ ይመስገን፣ ሰው አልተነካም። ሩቅ ሄደን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አየናት። ሦስት እንስራ ማር ነበረኝ፤ እየቀለጠ አሸዋው ላይ ሲወርድ አያለሁ። አንዲት ሴት ታለቅሳለች፣ የእኔ ዓይን ደረቅ ነው። የአለምነሽ ስድስት ዓመት ነው የሚነደው ብዬ አሰብኩ። አሰብኩት እንጂ አልተሰማኝም።

የኢንሹራንሱ ሰዎች መጥተው አጥንቷን ሲመረምሩ ሳጥኑን አገኙት። በወረቀቱ ላይ የሌለ ሳጥን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እኔን ወልድያ ጠሩኝ። በምርመራው ቀን መቀመጫው ላይ የነበርኩት እኔ ነኛ።

በአውቶቡስ ስንወርድ ኪሮስ ጣቱን እያጠፈ ነገሩን አስረዳኝ። «እማ፣ አላየውም ካልሽ ደብቀን ነበር ማለት ነው፤ አይከፍሉንም፣ የእኅቴ ላብ አመድ ሆኖ ይቀራል። አይቶታል ካልሽ ግን የራሳቸው ሰው አውቆ አሳልፎታል፤ ይከፍላሉ።»

«ልጁስ?» አልኩት።

«ሳያይ አይቻለሁ ብሎ ከጻፈ ይቀጡታል፣ ደመወዝ ይቆርጡበታል፣ ይተርፋል። አይቶ ዝም ካለ ግን ከእኛ ጋር ተመሳጥሯል ተብሎ ይባረራል።» ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። «እሱ የተማረ ነው እማ። ሌላ ሥራ አያጣም።»

ይህንን የምነግራችሁ በኪሮስ እንድታመካኙልኝ አይደለም። አውቄ ነው የገባሁት ለማለት ነው። የቱ ቃል ልጁን እንደሚያተርፈው፣ የቱ ቃል እንደሚጥለው ከነልዩነቱ አውቄ ገብቻለሁ።

ክፍሉ ውስጥ መነጽር ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ሹም ነበሩ። ይርጋ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ፤ ሌላ ወንበር አልነበረምና የራሱን ለእኔ አቀረበልኝና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እኔም ተቀመጥኩ። ዳግመኛ ተቀመጥኩ።

ሹሙ ቀስ ብለው ነበር የጠየቁኝ። «እናት፣ ሳይጨነቁ ይንገሩኝ። ይህ ልጅ ያን ቀን ከመቀመጫው ሥር ያለውን አይቷል ወይስ አላየም?»

«አይቷል» አልኩ።

«እርስዎ ተነሥተውለት?»

«ተነሥቼለት።»

«ያስታውሱ እስቲ። ጊዜው ቆይቷል።»

«ተነሥቼለት አይቷል» አልኩ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።

«እናቴ...» አለ ይርጋ። ተቆጥቶ አልነበረም የጠራኝ፤ ቤት ውስጥ ሰው ሲጠራ እንደሚጠራው ነው። ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ጫማውን አየሁ። አቧራ ነበረው።

እኔ የአፌ መፍቻ ኽምጣና ነው፣ የእኛ የዋግ አገዎች ቋንቋ። የምጸልየውም፣ የምቆጥረውም፣ የማለቅሰውም በእሱ ነው። ያን ቀን የዋሸሁት በአማርኛ ነው። በእናቴ ቋንቋ ቢጠይቁኝ አፌ እምቢ ይለኝ ነበር ይሆን? አላውቅም። አይለኝም ነበር ብዬ እፈራለሁ። ወረቀቱን ሲያቀርቡልኝ ደግሞ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። ስሜን መጻፍ እችል ነበር። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ስሜን ከነአባቴ እጽፋለሁ። ምንም የማላውቅ ምስኪን እንድመስላቸው ነው ጣቴን የሰጠሁት። ስሜ እዚያ ወረቀት ላይ እንዲገኝ አልፈለግሁም።

ገንዘቡ ተከፈለ። ሌላ መኪና ተገዛ፣ አለምነሽ አገሯ ገብታ ተዳረች፣ ይህ የተቀመጥንበት ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። ይርጋ ተባረረ። መባረሩን የነገረን የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራ በመሃል። ኪሮስ «ያሳዝናል» አለ። እኔ «ያሳዝናል» አልኩ። ከዚያ ስለ በርበሬ ዋጋ አወራን።

አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ወልድያ መናኸሪያ፣ አንገቱ ላይ ሳጥን አንጠልጥሎ የሞባይል ካርድና ማስቲካ ሲሸጥ። ቀለበቱ ጣቱ ላይ የለም። ልሂድና ላናግረው? ምን ብዬ? እንደምን ዋልክ ልበለው? ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩና በሌላው በር ዞሬ ወጣሁ። ጉልበቴ ያን ቀንም ደኅና ነበር፤ ፈጥኜ ነው የሄድኩት። በሌላ ጊዜ ስፈልገው አጣሁት። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወረደ ያሉኝ አሉ፣ አገሩ ገባ ያሉኝም አሉ። ከዚያ ወዲህ መንገድ አበዛሁ። ንግሥ በሰማሁበት እሄዳለሁ፣ ጠበል ባሉበት እሄዳለሁ። እናንተ «እምዬ መዞር ትወዳለች» ትላላችሁ። ጎጃሜ በተሰበሰበበት ሁሉ ፊት እያየሁ አልፋለሁ። ባገኘው ምን እንደምለው ግን እስከ ዛሬ አላዘጋጀሁም።

አልቅሼበት አላውቅም። ይህንንም ልናዘዝ። ሰው ኃጢአቱን ሲያስብ ይንቀጠቀጣል ይባላል፤ እኔ እንደ ደነዘዘ እግር ነው የሚሆንብኝ፤ አለ፣ ግን የእኔ አይመስለኝም። ድህነት ነው ልበል? ከእኛ የባሰ ድሀ ነበር፣ እንዲህ አላደረገም። አልተማርኩም ልበል? አትዋሽ የሚለውን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልግም። ለልጄ ብዬ ነው ልበል? እሱም ልጅ ነበር፣ የታመመች እናት ነበረችው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የተበደለው እናንተ አይደላችሁም፣ ስለ እሱ ሆናችሁ ይቅር ልትሉኝ አትችሉም። አትሳቁበት ብቻ ነው የምላችሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከዓመታት በኋላ፣ የዓይን ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች መጡ ተብሎ ወልድያ ሆስፒታል ወረፋ ይዤ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡትን ሰው በድምፃቸው አወቅኋቸው፤ ያ ሹም ናቸው። ጡረታ ወጥተው፣ ዓይናቸው ከእኔ ብሶ ደክሟል። እሳቸው አላወቁኝም። ከየት ነዎት ሲሉኝ ከሰቆጣ አልኳቸው። «ሰቆጣ» አሉ። ከዚያ፣ ወረፋው ረዥም ነውና፣ ድሮ አንዲት የሰቆጣ መኪና ተቃጥላ እንደነበር አወሩኝ። እሳቱ የተነሣው ከፊት ነበር፣ ከባትሪው ሽቦ። የተጨመረው የነዳጅ ሳጥን ለቃጠሎው ምክንያት አልነበረም፤ ስለዚህ ገንዘቡ እንዲከፈል እሳቸው ቀድመው ፈርመው ጨርሰው ነበር። አሮጊቷን ከዚያ በኋላ ያስጠሩት፣ አላየም ብላ ልጁን እንድታተርፍላቸው ነበር።